ደቻቱ ሲሞላ ዳር ይቆማል፦ ሀራራን ሳይጠጡ ስለማሳለፍ

ድሬዳዋ ያደገ ሰው ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ጠባይ ያውቃል። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው አቋርጦት ገበያ ይሄዳል። ከዚያ አንድ ቀን እኛ ጋ ጠብ ሳይል ደጋው ላይ ይዘንብና ውሃው እየጮኸ ከተፍ ይላል። ድፍርስ ነው፤ ግንድ ይዞ፣ ድንጋይ እያንከባለለ ነው የሚመጣው። ሰው ዳር ቆሞ ያያል። ገብቶ የሚታገለው የለም። "ይሄ ውሃ ከእንግዲህ አይጎድልም" ብሎ ተስፋ የሚቆርጥም የለም። ይጠበቃል። ከሰዓታት በኋላ ውሃው ይሳሳል፣ በማግስቱ ተመልሶ አሸዋ ይሆናል።

የመጠጥ ሀራራም ጠባዩ ይሄው ነው። እኔ ይሄን ያወቅኩት ሦስት ጊዜ አቁሜ ሦስቱንም ጊዜ ካገረሸብኝ በኋላ ነው። አሁን ካቆምኩ አራት ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አነበብኩ፣ ብዙ ጠየቅኩ። እዚህ የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ ብዬ የምመኘውን ነው።

ከሁሉ በፊት ግን ሁለት ዓይነት ጎርፍ እንለይ። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ቁርጥ አድርጎ ሲያቆም ሰውነቱ ይናወጣል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ የእጅ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽና እንቅልፍ ማጣት ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ የሚያንፈራግጥ ነገር ሊነሳ ይችላል። ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ደግሞ አንዳንድ ሰው ይቃዣል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያለበትን ቦታና ቀን ይስታል። ይሄ ካልታከመ ይገድላል። ይሄኛው በ1998 ክረምት በሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው እንደወሰደብን ጎርፍ ነው፤ ዳር ቆመው የሚያዩት አይደለም። በየቀኑ የምትጠጡ ከሆነ፣ ጠዋት ሳትቀምሱ እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ብቻችሁን ቤት ዘግታችሁ አታቁሙ። ሆስፒታል ሂዱ። ድሬ ያላችሁ ድል ጮራ አለ፣ ሐረር ያላችሁ ሕይወት ፋና አለ። እነዚያን ጥቂት ቀናት በሰላም የሚያሻግር መድኃኒት አለ፣ ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጣል። በዚያ ሰዓት ቁጭ ብላችሁ ትንፋሻችሁን ልብ በሉ ብሎ ሰው መምከር ጭካኔ ነው።

እኔ የምጽፈው ስለ ሁለተኛው ነው። ሰውነት ከጠራ በኋላ፣ ከሳምንት ወይ ከወር፣ አንዳንዴም ከዓመት በኋላ ድንገት ደርሶ ስለሚያጥለቀልቀው።

ማገርሸት የሚለው ቃላችንን እወደዋለሁ። ቁስል ያገረሻል፣ ወባም ያገረሻል። ድሬ ላይ ወባ ያገረሸበትን ሰው "ወኔ የለህም" የሚለው የለም፤ ሾርባ ተይዞለት ነው የሚኬደው። መጠጥ ያገረሸበትን ግን ቤተሰብም ጎረቤትም ይቆጣዋል፣ እሱም ራሱን ይረግማል። ያገረሸበትን ሰው "እንዴት ሆነ?" ብላችሁ ብትጠይቁት ብዙ ጊዜ የምትሰሙት አንድ መልስ ነው። "እኔ እንጃ፣ እግሬ ራሱ ወሰደኝ።"

ይሄ መልስ ሰበብ አይደለም። እውነቱን ነው። ለዓመታት አንድ ነገር በአንድ ሰዓት ስናደርግ ነገሩ ከእጃችን ወጥቶ በራሱ መሄድ ይጀምራል። የኔን ሰንሰለት ልንገራችሁ፣ ብዙ የድሬ ልጅ ይሄንኑ ያውቀዋል። ምሳ ይበላል። ሙቀቱ ይበረታል፣ ሱቅ ይዘጋል። የአወዳይ ጫት ይመጣል። ምርቃናው ወደ 11 ሰዓት ገደማ ይጠነክርና ከዚያ መውረድ ይጀምራል፤ ሆድ ይባባል፣ ጭንቀት ይመጣል፣ ማታ እንቅልፍ እንደማይኖር ይታወቃል። ስለዚህ ጨብሲ! ሁለት ድራፍት ምርቃናውን ለመስበር። ሁለቱ አራት ይሆናሉ፣ ከዚያ አረቄ ይከተላል። ጠዋት የዞረ ድምሩን ይዞ መነሳት፣ እስከ ምሳ መጎተት፣ ከዚያ ደግሞ እንደገና ጫት። ብርጭቆውን ማታ 1 ሰዓት ላይ ነው የማነሳው። ግን የጠጣሁት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጫት ልገዛ ስነሳ ነው። መጠጥ ብቻ አቁሜ ጫቱን በያዝኩባቸው ሁለት ጊዜያት ወር እንኳ አልሞላሁም።

አንድ ሰው በዚህ ሰንሰለት መሐል ቆም ብሎ "አሁን ምን እየሆንኩ ነው?" ብሎ ራሱን ማየት ቢችልስ? ማይንድፉልነስ የሚባለው ነገር በአጭሩ ይሄ ነው። በኛ ቋንቋ "ልብ ማለት" የሚለው በቂው ነው። አሁን፣ እዚህ፣ በሰውነቴና በሐሳቤ ውስጥ የሚሆነውን ሳልፈርድበትና ሳልሸሸው ልብ ማለት።

ልምምዱ ወደ ሕክምና የገባው በአሜሪካ ነው። ጆን ካባት-ዚን የሚባል ሰው እንደ ፈረንጆቹ በ1979 ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሕመማቸው አልድን ላላቸው ሰዎች ማስተማር ጀመረ። ሥሩ የቡድሂስቶች ተመስጦ ነው፣ እሱ ግን ሃይማኖቱን ትቶ ልምምዱን ብቻ ነው የወሰደው። በሌላ በኩል ሲያትል ውስጥ፣ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ፣ አለን ማርላት የሚባል የሥነ ልቦና ባለሙያ ሰው ካቆመ በኋላ ለምን ተመልሶ እንደሚጠጣ ሲያጠና ኖሯል። ሀራራን እንደ ባሕር ማዕበል እዩት፣ ከላዩ ተንሳፈፉ እንጂ አትታገሉት የሚለው ሐሳብ የእሱ ነው። እኔ ባሕር ያየሁት አንዴ ጅቡቲ ሄጄ ስለሆነ ደቻቱ ይቀርበኛል። በኋላ ማርላት ከሳራ ቦውንና ከኔሃ ቻውላ ጋር ሁለቱን አዋህደው የ8 ሳምንት ሥልጠና አዘጋጁ፤ በሳምንት አንድ ቀን ሁለት ሰዓት በቡድን መገናኘት፣ በተቀረው ቀን ደግሞ ቤት ውስጥ መለማመድ።

እኔን ያስተማረችኝ አንዲት የአእምሮ ሕክምና ነርስ ናት። ስትነግረኝ መጀመሪያ ያልኳት "ሲስተር፣ ይሄ ነገር ከእምነቴ አያጋጨኝም?" ነበር። "እምነትህን አልነካብህም" አለችኝ። "ጸሎትህን ጸልይ፣ ጠበልህን ጠጣ። እኔ የምጠይቅህ ሀራራው ሲመጣ የት ቦታ እንደሚይዝህ እንድትነግረኝ ብቻ ነው።" የት ቦታ? አላውቅም ነበር። አሥራ አራት ዓመት ጠጥቼ ሀራራ ሰውነቴ ላይ የት እንደሚቀመጥ አላውቅም ነበር!

ያወቅኩት ባቆምኩ በአራተኛው ወር፣ በሚያዝያ፣ እዚሁ ድሬ ከዚራ የሚባለው ሰፈር ነው። ዳቦ ገዝቼ ወደ ቤት እየሄድኩ ነበር። ፀሐዩ በርዷል። ደጃፍ ደጃፉ ላይ ውሃ ተረጭቶ የእርጥብ አቧራ ሽታ ተነስቷል፣ የፕላስቲክ ወንበሮች ዛፍ ስር ወጥተዋል። አንድ የድሮ ወዳጄ ከሩቅ አየኝና "ዋሪያ! የት ጠፋህ አቦ፣ ና እንጂ!" ብሎ ተጣራ። እጄን አንስቼ ሰላም ብዬው አለፍኩ። ጥግ እንደታጠፍኩ ግን ጉልበቴ ተያዘ። አንድ የግንብ አጥር ሥር ቁጭ አልኩ። ስልኬን አየሁ፣ 12 ከ20።

መጀመሪያ ምላሴ ሥር ምራቅ ሞላ። መንጋጋዬ ጠበቀ። ቀጥሎ ደረቴ ላይ እንደ ጠባብ ሸሚዝ ያለ ነገር መጣ። ቀኝ እጄን ሳየው ጣቶቼ የድራፍት ብርጭቆ እንደጨበጡ ያህል ጎብጠዋል፤ ዳቦው በግራ እጄ ነው ያለው፣ ቀኙ ባዶ ነው፣ ግን ጨብጧል። ዝም ብዬ አየሁት። "አንድ ብቻ" የሚል ሐሳብ መጣ። ለራሴ በለሆሳስ "አንድ ብቻ የሚል ሐሳብ መጣ" አልኩት። "አራት ወር ችያለሁ እኮ፣ ይገባኛል" የሚል መጣ። "ይገባኛል የሚልም መጣ" አልኩት። ደረቴ እየባሰበት ሄደ። ይሄ ነገር ካልጠጣሁ አይለቀኝም ብዬ ከልቤ ያመንኩበት ደቂቃ ነበር፣ እሱንም አስታውሳለሁ። መግሪብ አዛን ተባለ። አየሩ በአፍንጫዬ ሲገባና ሲወጣ እየተከተልኩ ነበር፤ ልቆጣጠረው አልሞከርኩም። አንድ ባጃጅ አለፈ፣ አቧራው ላዬ ላይ አረፈ። የሆነ ሰዓት ላይ ጣቶቼ ተዘርግተው ጉልበቴ ላይ አገኘኋቸው። መቼ እንደተዘረጉ አላየሁም። ስልኬን ሳይ 12 ከ37 ይላል።

አሥራ ሰባት ደቂቃ። በሕይወቴ ሀራራ መጥቶ፣ ጫፍ ደርሶ፣ ሳልጠጣ ሲወርድ ያየሁት ያኔ ነው። ከዚያ በፊት ሁልጊዜ ሽቅብ ሲወጣ ስለምጠጣ ቁልቁለቱን አይቼው አላውቅም። ብዙ ሰው የማያውቀው ይሄን ነው። አንድ የሀራራ ማዕበል ካልመገቡት ብዙ ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ያልበለጠ ዕድሜ ነው ያለው። ተመልሶ ሊመጣ ይችላል፣ ይመጣልም። ግን እሱም ያልፋል።

ለምን እንደሚሠራ በቀላሉ ላስረዳ። አንጎል ያቺ ሰዓት፣ ያ የእርጥብ አቧራ ሽታ፣ ያ ወዳጅ መጠጥን እንደሚያስከትሉ ተምሯል። ስለዚህ ምልክቱን ሲያይ ቀድሞ መጠጡን ይጠራል። በጠጣን ቁጥር "ትክክል ነህ" እያልነው ነው። ሀራራው መጥቶ ሳንጠጣ ባለፈ ቁጥር ደግሞ ትምህርቱ ይደክማል። ፈጽሞ አይጠፋም፤ ለዚህ ነው ከዓመታት በኋላም ድንገት ብቅ የሚለው። ግን ይደክማል።

"ታዲያ ጥርስን ነክሶ መቻልስ?" ትሉ ይሆናል። እስቲ ለሁለት ደቂቃ ላቡ ስለሚንጠባጠብ ቀዝቃዛ ድራፍት በፍጹም አላስብም በሉ። አያችሁ? መታገል በራሱ ነገሩን ዓይን ፊት ያቆመዋል። ደግሞም ትግል ያደክማል፣ የደከመ ሰው ማታ ላይ ይሸነፋል። ልብ ማለት ከዚህ የሚለየው ሀራራውን "ና፣ አየሁህ፣ ተቀመጥ፣ ግን አልታዘዝህም" ማለት ስለሆነ ነው።

ሥልጠናው ውስጥ ለክፉ ሰዓት የሚሆን አንድ አጭር ነገር አለ፣ ባጃጅ ውስጥም ሥራ ቦታም ይቻላል። መጀመሪያ ቁሙ፤ የምታደርጉትን አቋርጡ። ቀጥሎ ሰውነታችሁ ላይ፣ ስሜታችሁ ላይና ሐሳባችሁ ላይ ምን እንዳለ እዩ። ከዚያ ትኩረታችሁን ወደ ትንፋሻችሁ አምጡ፣ ጥቂት ትንፋሽ ብቻ። ከዚያ አስፉት፤ ከእግር እስከ ራስ ያለውን ሰውነታችሁን፣ የተቀመጣችሁበትን፣ የሚሰማውን ድምፅ ሁሉ ጨምሩበት። መጨረሻ ላይ ምን እንደምታደርጉ እናንተ ምረጡ። ሦስት ደቂቃ ይበቃል። ይሄን ግን መጀመሪያ የሚለማመዱት ሀራራ በሌለበት ሰዓት ነው። ዋና የሚማር ሰው ጎርፍ ውስጥ ገብቶ አይጀምርም።

ለመጀመሪያ ቀን ፈረንጆቹ አንዲት ዘቢብ ሰጥተው በጣም ቀስ ብሎ ማሸትን፣ ማየትን፣ መቅመስን ያስተምራሉ። እኔ ጊሽጣ ይሻላል እላለሁ። ጊሽጣ በችኮላ አይበላም፤ ፍሬውን በምላስ እየፈለጉ፣ ለስላሳውን እየለዩ፣ ፍሬውን እየተፉ ነው። አንድ ጊሽጣ ስልክ ሳትነኩ፣ ሳታወሩ ጨርሱ። ሐሳባችሁ ሃምሳ ጊዜ ይሄዳል። ሃምሳ ጊዜ ወደ ጊሽጣው መልሱት። ሐሳባችሁ መሄዱ ስህተት አይደለም፣ መመለሱ ነው ልምምዱ። እናቴ ቡና ስታፈላ ሳያት ይሄን ሳታውቀው ስትሠራ የኖረች ይመስለኛል። ጀበናው ሊገነፍል ሲል ከድምፁ ነው የምታውቀው፤ ዓይኗ ሌላ ቦታ ሆኖም ጆሮዋ እዚያው ነው።

ማስረጃውስ? እንደ ፈረንጆቹ በ2014 የታተመ አንድ ትልቅ ጥናት አለ። የመጀመሪያ ሕክምናቸውን የጨረሱ፣ የአልኮልና የሌላ ሱስ ችግር የነበረባቸው 286 ሰዎች በዕጣ ሦስት ቦታ ተከፈሉ። አንዱ ቡድን የተለመደውን ክትትል፣ አንዱ ማገርሸትን መከላከል የሚያስተምረውን የቆየ ሥልጠና፣ ሦስተኛው የልብ ማለቱን ሥልጠና አገኘ። በስድስተኛው ወር ሁለቱም ሥልጠናዎች ከተለመደው ክትትል ተሻሉ። በዓመቱ ደግሞ የልብ ማለቱ ቡድን ከሁለቱም ቡድኖች ያነሱ ቀናት ነበር የተጠቀመው፣ አብዝቶ መጠጣቱም ቀንሷል። ይሄ ተስፋ ይሰጣል። ግን ላጋንን አልፈልግም። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝን ኮክሬን የሚባል ድርጅት እንደ ፈረንጆቹ በ2021 ባወጣው ግምገማ ማስረጃው ገና እርግጠኛ የሚያደርግ አይደለም ነው ያለው። ስለዚህ ይሄን ሐኪማችሁን ትታችሁ የምትይዙት ነገር አድርጋችሁ አትዩት። ሀራራን የሚቀንስ ናልትሬክሶን የሚባል መድኃኒት አለ፣ ሌሎችም አሉ፤ ሐኪም ጠይቁ። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ።

አሁን ወደ ሚከብደኝ ነገር ልምጣ። ሁለተኛ ጊዜ ያቆምኩት ቁልቢ ሄጄ ነው። ታህሳስ 19፣ ገብርኤል ፊት ተስዬ። ከልቤ ነበር። ሦስት ሳምንት ቆየሁ። ለጥምቀት ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ አንድ ቢራ ተሰጠኝ፣ ጠጣሁት። አንድ ቢራ ነው። ያን ማታ ቤቴ ገብቼ የተሰማኝን ግን እስከ ዛሬ አልረሳውም። "ስለቴን አፈረስኩ። መልአኩን ዋሸሁት። ከእንግዲህ ምን ቀረኝ?" በማግስቱ በጠዋት አረቄ ቤት ነበርኩ፣ እስከ ፋሲካ አልወጣሁም።

ማርላት ብዙ የሠራበት ይሄንን ነው። አንድ መሳት አለ፣ ሙሉ ማገርሸት አለ። ሁለቱን የሚያገናኘው ድልድይ ብዙ ጊዜ ቢራው ራሱ አይደለም፤ ከቢራው በኋላ ለራሳችን የምንነግረው ነው። "ወትሮም ሰው አልሆንም" ያለ ሰው ያ ሐሳብ ያመጣበትን ሕመም የሚያደነዝዝ ነገር ይፈልጋል፣ የሚያውቀው ደግሞ አንድ ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ልብ ማለት የሚያስፈልገው ከብርጭቆው በፊት ብቻ አይደለም። ከብርጭቆው በኋላ ያለችው ሌሊት ትበልጣለች። ኀፍረቱም ማዕበል ነው። ፊት ላይ ይሞቃል፣ ሆድ ውስጥ ይወርዳል፣ አንገት ያስደፋል፣ ከዚያ ይሳሳል። "ወትሮም አልሆንም የሚል ሐሳብ መጣ" ብሎ ማየት ይቻላል። ስለት መግባትን አልቃወምም፣ ብዙ ሰው አድኗል። በኋላ ግን ለንስሐ አባቴ ስነግራቸው "ልጄ፣ የወደቀ ሰው እኮ የሚነሳው ከወደቀበት ነው፤ ለምን ያኔውኑ አልመጣህም?" ነው ያሉኝ። ሦስት ወር ሙሉ ይቆጡኛል ብዬ ከሳቸው ስደበቅ ነበር።

ሴቶችን በዚህ ላይ ሳስባቸው ልቤ ያዝናል። እኛ ወንዶች ቢያንስ በአደባባይ እንጠጣለን፣ በአደባባይ እንወድቃለን፣ የሚያነሳም አይጠፋም። ቤቷ ዘግታ የምትጠጣ ሴት ኀፍረቷ እጥፍ ነው። ሐኪም ጋ የምትሄደውም ዘግይታ ነው። ይሄን የምታነቢ እህቴ ካለሽ፣ ሀራራው አንቺም ላይ ያው ነው፣ ይወርዳል።

አንድ ጥንቃቄ ልጨምር። ክፉ ነገር ያለፈበት ሰው፣ ጦርነት ያየ፣ የተደበደበ፣ የተደፈረ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ውስጡ ሲመለከት የድሮው ነገር ሊነሳበት ይችላል። ከሆነባችሁ አትግፉት። ዓይናችሁን ክፈቱ፣ እግራችሁን መሬት ላይ አጥብቁ፣ በዙሪያችሁ የምታዩትን አምስት ነገር በስሙ ጥሩ። እየባሰ ከሄደ ከባለሙያ ጋር እንጂ ብቻችሁን አትቀጥሉ።

ለቤተሰብ ደግሞ ይቺን። ሰውየው በር ሲገባ ትንፋሹን አታሽትቱ፣ "ጠጣህ?" ብላችሁ አትቀበሉት። የሚያስፈልገው ሌላ ጥያቄ ነው፤ "ስንት ሰዓት ላይ ነው የሚመጣብህ?" የኔን እናት ይሄን እንድትጠይቀኝ ማንም አላስተማራትም። አንድ ቀን ጠየቀችኝ፣ "12 ሰዓት ላይ፣ እማ" አልኳት። ምንም አላለችም። ቤታችን ቡና ሁልጊዜ 10 ሰዓት ላይ ነበር የሚፈላው፣ እኔ ከተወለድኩ ጀምሮ። በማግስቱ 10 ሰዓት አለፈ፣ 11 አለፈ። 12 ሊል ሲል ከሰሉ ተያያዘ፣ ጎረቤቶቹም "ዛሬ ደግሞ ምን ነካችሁ፣ አመሻችሁ" እያሉ መጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡናው 12 ሰዓት ላይ ነው፤ የምቆላውም እኔ ነኝ።